መሥራች በሉኝ

ዳልማ ከዲኗ ቢሮ ስትወጣ በሩን አልዘጋችውም፤ ወርውራ ነው የለቀቀችው። ጸሐፊዋ ደንግጣ ከወንበሯ ብድግ አለች። እንዲህ ያለ ድፍረት! እንዲህ ያለ ዓይን በጨው መታጠብ! በቁሟ ሊገፍፏት መፈለጋቸው ሳያንስ፣ እየተገፈፈች እንድታመሰግናቸውም ይጠብቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮፌሰር ኩን ቲሃሜር ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሰባ የሞላው መምህር ጡረታ ይወጣል፤ ከመውጣቱ በፊት ግን ባልደረቦቹ የክብር መጽሐፍ ያሳትሙለታል፣ በልደቱ ቀን ፖጋቻ የሚሉት ጨው ያለው ትንሽ ዳቦ ተጋግሮ፣ ፓሊንካ የሚሉት የፍራፍሬ አረቄ ተቀድቶ፣ አንዱ ይነሳና ያወድሰዋል። ያለዚህ የሚሸኝ ፕሮፌሰር በቡዳፔሽት የለም። ዘንድሮ መጽሐፉን ያዘጋጀችው በዩኒቨርሲቲው በኮንትራት የምታስተምረው ዳልማ ናት። አወዳሽም እሷው እንድትሆን ዲኗ ኦርሾያ ወስናለች።

«ሁለት ገጽ ብቻ ናት» አለቻት ዲኗ መነጽሯን እየወለወለች። «ቲሃሜር በአገራችን የፋንታሲ ሥነ ጽሑፍ ጥናት መሥራች መሆናቸውን አንድ ቦታ ላይ ጣል ታደርጊበታለሽ።»

«ማን ናቸው መሥራቹ?»

«ዳልማ፣ እባክሽ አታድርቂኝ። አዲሱን የፋንታሲ ማዕከል በገንዘብ የሚረዱት ሰዎች ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ትልቅ ስም ነው የሚፈልጉት። ቲሃሜር ከጡረታ በኋላ ማዕከሉን ይመራሉ፣ አንቺ ምክትል ትሆኛለሽ፣ ፕሮፌሰርነትሽም በዚያው ሳምንት ይፈረማል።»

«ባልልስ?»

«ኮንትራትሽ በሰኔ ያልቃል» አለች ዲኗ፤ መነጽሯን መልሳ አደረገች።

መሥራች! ከአስራ ስምንት ዓመት በፊት ዳልማ ስለ ፋንታሲ፣ ስለ ዘንዶና አስማት ልቦለዶች፣ የዶክትሬት ጽሑፏን ስታቀርብ ገምጋሚ ሆነው የተቀመጡት እኚሁ ሰው ነበሩ። «ዘንዶ የልጆች ነገር ነው፤ ልጅቷም አድጋ ትተወዋለች» ብለው አዳራሹን በሳቅ አፈረሱት። እናቷ ከገጠር በባቡር ተሸክማ ያመጣችውን ፖጋቻ እየጎረሱ ሲስቁባት ዋሉ። ዳልማ ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች፣ ፊቷን ታጥባ ወጣችና የሰውየውን እጅ ጨበጠች።

ከዚያ በኋላ የሰጧት ክፍል ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ጎን ነበር። ሰዓቷም ዓርብ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ወደ ባላቶን ሐይቅ በሚፈረጥጥበት ሰዓት። ጥቂት ተማሪዎች ይዛ ጀመረች። መምህራኑ «የዘንዶዋ እመቤት» እያሉ ሲያላግጡባት እሷ የመማሪያ መጽሐፉን ጻፈች፣ ከውጭ ቋንቋ ተረጎመች፣ በየዓመቱ ኮንትራቷን ለማሳደስ ደጅ ጠናች። ዛሬ ትልቁ አዳራሽ አይበቃትም፤ ቦታ ያጣ ተማሪ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ይማራል። ፕሮፌሰር ቲሃሜር በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ክፍሏን አልረገጡም።

አብሯት አንድ ቢሮ የሚጋራው ቤኔዴክ የድሮ ግጥም አስተማሪ ነው፤ ደግ ነው፣ ፈሪም ነው። እርር ድብን ብላ ስትገባ አያት።

«ምን ያንገበግብሻል? የልደት ንግግር እኮ ነው!» አላት። «በልደት ንግግር እውነት የተናገረ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አምና ጡረታ የወጣውን ያንን ደነዝ ‹የዘመናችን ብርሃን› ብዬዋለሁ። ምን ሆንኩ? ፓሊንካዬን ጠጥቼ ቤቴ ገባሁ።»

«የዘረፈኝን ሰው ነው አመስግኚ የምትለኝ!»

«መቼ ዘረፈሽ? ገና በገዛ እጅሽ ልትሰጪው ነው።»

ቤኔዴክ ሊያጽናናት ብሎ የተናገረው ነገር እንደ ሚጥሚጣ አቃጠላት፤ እውነቱን ነበራ። ሰውየው ያለ እሷ ቃል መሥራች ሊሆን አይችልም። ፕሮፌሰርነቱን ደግሞ ትፈልገዋለች። እንዴት አትፈልገው! ለፍታበታለች።

በበዓሉ ቀን ፕሮፌሰሩ አዲስ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው አዳራሹ በር ላይ ጠበቋት። ሁለት ጉንጯን ሳሟት።

«ዳልማዬ፣ ያቺን ቃል እንዳትረሺያት አደራ።»

«የትኛዋን ቃል፣ ፕሮፌሰር?»

«አይ አንቺ! ‹መሥራች› የምትለዋን ነዋ! ለራሴ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ለሙያው ብዬ ነው።»

ለሙያው! ወይ ጉድ! ዳልማ ጥርሷን ነክሳ አለፈቻቸው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ረጂዎቹ ፊት ተቀምጠዋል፣ ፕሮፌሰሩ ከመሃላቸው። ዲኗ ስሟን ስትጠራ ዳልማ ወጥታ ወረቀቷን ዘረጋች። የት እንደተወለዱ፣ ስለ ጥንት ልቦለዶች ምን ምን እንደጻፉ፣ ማንን ማንን እንዳስተማሩ አነበበች። እስከዚያ ድረስ ሁሉም እውነት ነው። «መሥራች» የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ፕሮፌሰር ቲሃሜር የፋንታሲ ጥናት መሥራች፣ አባት ናቸው እንድል ታዝዣለሁ» አለች። «አባት ናቸው። ልጁ ሲወለድ ‹የእኔ አይደለም› ብለው የሳቁበት፣ ምድር ቤት ሲያድግ አንድ ቀን ያልጠየቁት፣ ደሞዝ መብላት ሲጀምር ‹ልጄን!› ብለው የመጡ አባት።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ራሳቸው ፕሮፌሰሩ ነበሩ፤ ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪመጣ። የልደት ንግግር ነዋ፤ ባለ ልደቱን ትንሽ ወጋ ማድረግ ያለ ነው። ጭብጨባው ቀለጠ፣ ብርጭቆም ተነሳ። የዳልማ ደም ፈላ። እውነቱን አፍ አውጥታ ብትናገረውም እንደ ቀልድ ዋጡት።

«አልቀለድኩም!» ብላ ጮኸች።

ሳቁ ቀጥ አለ።

«አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፣ ፕሮፌሰር።»

ባለ ልደትን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው እስከዛሬ አልታየም። የእሱ ድርሻ አመስግኖ መቀመጥ ብቻ ነው። ዲኗ ብድግ ብላ «ዳልማ፣ በቃ!» አለች።

«ቀላል ጥያቄ ናት። በአዲሱ ማዕከል የሚጠኑትን መጻሕፍት ሦስት ብቻ ይጥሩልን። ሦስት ከበዛብዎ አንድ። ከዳር እስከ ዳር ያነበቡትን አንድ የፋንታሲ መጽሐፍ።»

ፕሮፌሰሩ ፈገግ አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ... መቼም ብዙ ነው... ከየቱ ልጀምር...»

«ከፈለጉት ይጀምሩ።»

ከረጂዎቹ መካከል አንዲት አሮጊት፣ ምንም ተንኮል ሳይኖራቸው፣ «ይንገሩን እንጂ ፕሮፌሰር፣ እኛም ገዝተን እናንብበው» አሉ።

ዳልማ ፕሮፌሰርነቷን በዚያች ደቂቃ አፈር እንዳለበሰችው አውቃለች። በሰኔ ቢሮዋን ለቃ ትሄዳለች። አልቆጫትም ማለት ውሸት ነው። ግን ንዴቷ ከቁጭቷ በለጠና ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።

የፕሮፌሰሩ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣቸውም። ዲኗን አዩ፤ ዲኗ ጫማዋን ታያለች። ቤኔዴክን አዩ፤ ፖጋቻ ጎርሷል። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ከዚያ ጨነቃቸውና፣ ምን እያደረጉ እንደሆነ እንኳ ሳያስቡት፣ አንድ ርዕስ እንድትነግራቸው ዓይናቸውን ወደ ዳልማ መለሱ።

አዳራሹ ሁሉ፣ ሰውየው ማንን እንደሚያዩ አየ።