የምታናግረው እናትየዋን ነው

«አልሄድም! እማዬ ድረሽልኝ!»

ጩኸቱ በኮሪደሩ ተንደርድሮ መጥቶ የጽዳት ሠራተኛዋን መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንዳጎነበሰች አገኛት። የልጇ ድምፅ ነው። መወልወያውን ጥላ ሮጠች፤ ባልዲው ከኋላዋ ተገለበጠ። የአዳራሹን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች፤ እስከ ክርኗ አረፋ ነች።

ትንሿ ልጇ መድረኩ ላይ ቆማለች። አክስቷ ክንዷን ይዛታለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«እውነት መሰላት!» አለ በድራማው ፖሊስ ሆኖ የሚሠራው ረጅሙ ልጅ ሆዱን ይዞ። «በአረፋ ልታስጥላት መጣች!»

«እማ ደግሞ! አታሳፍሪኝ» አለች ልጅቷ ፊቷን አዙራ።

የወጣት ማዕከሉ ለወላጆች የሚያሳየው ድራማ ልምምድ ነበር፤ ልጆችን እያታለሉ ስለሚወስዱ ደላሎች። የደላላዋን ቦታ ማንም አልፈልግም ብሎ ነበር። ባለፈው የሠራችው ልጅ መንገድ ላይ ስትሰደብ ከርማ ሰፈር ቀይራለች። መጨረሻ ላይ «ለልጆቻችን ሲባል እኔ ልሰደብ» ብላ የተነሳችው የልጅቷ አክስት ነች፤ የሟች አባቷ እህት። ሰፈሩ በሙሉ እቴቴ ይላታል። ሰው ሲታመም ቀድማ የምትደርሰው፣ ኮሚቴ ሲቋቋም ቀድማ የምትመረጠው እሷ ነች።

የጽዳት ሠራተኛዋን ትልቋን ልጅ አምና ከተማ ወስዳ ትምህርት ቤት ያስገባቻትም እሷው ነች። ከዚያ ወዲህ የልጅቷ ወሬ የሚመጣው በእቴቴ አፍ ብቻ ነው፤ አደገች፣ ወፈረች፣ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች። የምትኖርበትን ቤት የምታውቀው እቴቴ፣ የስልክ ቁጥሯን የያዘችው እቴቴ። ድራማው በታየ ማግስት ደግሞ ትንሿ ትከተላለች። ልጅቷ ከደስታዋ ብዛት እንቅልፍ አጥታለች።

እናትየው ልቧ አልረጋ ስላላት ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም። ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ክንዷን በሽርጧ ትጠርግ ጀመር። ወዲያው ረሷት፤ ጽዳት ሠራተኛን ማን ልብ ይላል።

«ነይ የኔ ቆንጆ» አለች እቴቴ ወደ ልምምዱ ተመልሳ፤ «ከእኔ ጋር ከመጣሽ ወርቅ በወርቅ አደርግሻለሁ...» ብላ ሳትጨርስ ራሷን ነቀነቀች። «ይቅርታ አድርግልኝና፣ ይሄ የሕፃን ጨዋታ ነው። ወርቅ ተብላ የሄደች ልጅ አይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ትበል?» አለ የድራማው አዘጋጅ።

«ልጅቷን ምን አናገረህ? የምታናግረው እናትየዋን ነው። እሷንም ቢሆን አትለምናትም፣ ታስለምናታለህ እንጂ። ስለ ከተማ ትምህርት ታወራና ዝም ትላለህ። ራሷ ‹የኔንም ብትወስጅልኝ› ትላለች። ያኔ እምቢ ነው። ቤቴ ጠባብ ነው፣ የሰው ልጅ ኃላፊነት ይከብደኛል ትላለህ። እግርህ ላይ ስትወድቅ፣ በስንት ጭንቅ፣ እሺ። ከዚያ በኋላ የሰጠችህ እሷ ናት። ብትነቃ እንኳ የምትረግመው ራሷን ነው።»

«ይሄ ይግባ!» አዘጋጁ ከወንበሩ ዘለለ። «በናትሽ ቀጥይ!»

«ልብስ አታስይዝም። ልብስ የቋጠረች እናት ነገ ስለ ልብሱ ትጠይቃለች። በስልክም አታገናኝም። ‹ድምፅሽን ከሰማች ሆዷ ይባባል፣ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች› በላት። ‹እውነትሽን ነው› ትላለች። ሁሉም እንደዛ ነው የሚሉት።»

«አንቺስ የለየልሽ ሰይጣን ነሽ!» አለ ረጅሙ። ተሳሳቁ። እቴቴም ሙያዋ እንደተመሰገነላት ሴት አንገቷን ሰበር አድርጋ ሳቀች። «ሬዲዮ ላይ ነዋ የሰማሁት» አለች።

ጥጉ ላይ የእናትየው እጅ ሽርጡ ውስጥ ቀረ። አምና ደጃፏ ላይ አልቅሳ ነበር። ጉልበት ስማ ነበር። እቴቴ እምቢ ብላ ተነስታ ስትሄድ መንገድ ድረስ ተከትላት ነበር። የቋጠረችውን ልብስ ራሷ ፈታ ወደ ሳጥኑ መልሳዋለች። ስልኩንም ስትጠይቅ የተባለችውን ሰምታ «እውነትሽን ነው እቴቴ» ብላለች።

«እናት ሆና የምትሠራዋ ጥርሷን አሟት ቀርታለች» አለ አዘጋጁ ዞር ዞር እያለ። «እናታችን! እስቲ ነይ ቦታዋን ያዥልን።»

እቴቴ ጥጉን ያኔ ገና አየችው። «ተዋት፣ ሥራ አላት» አለች ፈጠን ብላ።

እናትየው ግን መድረኩ ላይ ወጥታለች።

«በቃ፣ እግሯ ላይ ወድቀሽ ለምኛት» አለ አዘጋጁ።

«ትልቋ የት ናት?» አለች እናትየው።

«ቃሉ እሱ አይደለም» አለ ረጅሙ።

«ተዋት፣ ይሻላል! ቀጥሉ!» አለ አዘጋጁ።

እቴቴ ፈገግ አለች። «ደህና ናት። ወፍራልሻለች።»

ሳቅ።

«ድምጿን አሰሚኝ። ስልኩ እጅሽ ላይ ነው። አሁን ደውይላት።»

«ክፍል ውስጥ ናት የኔ እህት፤ አትረብሻት።»

«ትምህርት ተዘግቷል። ይቺስ እዚህ የቆመችው ተዘግቶ አይደለም?»

«እሰይ! ያዘቻት!» አጨበጨቡ።

እናትየው ወደ እነሱ ዞረች። «ድራማ አይደለም! ልጄን በልታብኛለች! በሩን ዝጉት!»

ጭብጨባው ጣሪያውን ነካ። አንዱ አፏጨ። «እንዲህ የምትሠራ ሰው እያለችልን ወለል ታስወለውሏታላችሁ?» አለ ረጅሙ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ።

ያልሳቀችው ልጅቷ ብቻ ነች። ፊቷ ቀልቷል። «እንዳልሄድ ነው አይደል? እህቴ ስትማር እኔ ካንቺ ጋር ሽንት ቤት ልጠብ?»

እናትየው እጇን ይዛ ወደ ራሷ ሳበቻት። ልጅቷ ወደ አክስቷ ተሳበች። «እቴቴ፣ ጥለሽኝ እንዳትሄጂ!»

እቴቴ የልጅቷን ጉንጭ በጣቷ ነካ አደረገች። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዚፑን ሳበች። ነጠላ ጫማዋን በሁለት እግሯ ፈልጋ አጠለቀችና ከመድረኩ ወረደች።

«ያዟት! ትልቋ ያለችበትን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት! ያዟት እባካችሁ!»

አንድም ሰው ከወንበሩ አልተነሳም። እናትየው አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተራመደች፤ ልጅቷ የእጇን ጀርባ ነከሰቻት። ብትለቃት ልጅቷ ተከትላት እንደምትበር አወቀች። አልለቀቀቻትም። ባለችበት ቆማ የእቴቴን ጀርባ አየች።

«ኧረ ትዕይንቱ ሳያልቅ ወዴት ነው እቴቴ?» አለ አዘጋጁ።

ረጅሙ የፖሊስ ቆቡን አስተካክሎ ሰላምታ ሰጣትና በሩን ከፈተላት። እቴቴ ዞር አላለችም። ወጣች።