ተጨማሪ ምግብ

ስልሳውን ከተሻገረች ቆይታለች። ታዲያ ይህች ልብስ ሰፊ መነጽሯን መሳቢያ ውስጥ ዘግታ፣ ጥቁር ክር በቀጭን መርፌ ቀዳዳ እንዴት በአንድ ሙከራ ታስገባለች? የወንድሟ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ጠየቀ።

«ምን ይገትርሃል? ግባ እንጂ!» አለችው። «ያን ያህል ዘመን ያስተማሩህ በር ላይ መቆም ነው?»

«እትዬ፣ መነጽርሽስ?»

«ጡረታ ወጣ።»

የሰፈሩ ሰው ልጁን «ባሕር ማዶ» ነው የሚለው። ሩቅ አገር የምግብ ሳይንስ ተምሮ ከተመለሰ ወራት ቢያልፉም ሻንጣውን ገና አልፈታም። ሥራ ይጀምርና ይጠራጠረዋል፤ ቤት ይከራይና ሌላ ያማርጣል። ምንም ቢጠይቁት መልሱ «እንደ ሁኔታው ነው» ስለሆነ፣ አክስቱ ለደንበኞቿ «የተመረቀው በእንደ ሁኔታው ነው» ትላለች። እንዲህም ሆኖ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ሲቀመጥ ልቡ ያርፋል። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት።

አክስቱ ከክር ጥቅሎቹ መሀል ቡናማ ጠርሙስ አወጣች። «ሚስጥሩ ይኸውልህ። አንዷ ደንበኛዬ ናት ያመጣችልኝ።»

ጽሑፉን አነበበ። *ከተብላላ እህል የተጨመቀ። ለአንጀት፣ ለጉልበት። ተጨማሪ ምግብ።*

«ስንት ትወስጃለሽ?»

«እንደተጻፈው ነዋ! ተጨማሪ ምግብ ይላል አይደል? ምሳዬን እበላለሁ፤ ከዚያ ተጨማሪውን።» የሻይ ብርጭቆዋን አሳየችው።

ሳቁ አመለጠው። «እትዬ፣ ድገሚ ማለት እኮ አይደለም። የጎደለ ካለ መሙያ ነው፤ በማንኪያ።»

«መሙያ ከሆነ ብርጭቆው ቢሞላ ምን አለበት?»

በጣቱ ቀመሰው። መብላላቱ ትንሽ ኮምጠጥ አድርጎታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጣፋጭነቱ ምላስ ላይ ይጣበቃል።

«የስኳር ኪኒንሽንስ?»

«እሱንም እውጣለሁ። እኔ እንዳንተ ሁሉን አልጠራጠርም፤ ሁለቱንም አምናለሁ። ይልቅ አንተ ተምረኸዋል፤ ይጠቅማል አይጠቅምም?»

«ለአንጀት ይረዳል የሚሉ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። በቂ ግን አይደሉም። እንደ ሁ...»

«መጣልህ!»

እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ከመኪናዋ ሥር ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ የውሃ ጀሪካን ተቀምጧል። እያወሩ እንኳ ደጋግማ ቀድታ ጠጣች፤ የምትሰፋውን ቀሚስ ሳትጨርስም ወደ ጓሮ ብቅ ብላ ተመለሰች።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰዳት። «ደህና ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» እያለች፣ ግን ለእሱ ስትል ሄደች። ሐኪሟ ጣቷን ወግታ መለኪያውን አየችና ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«እናቴ፣ የቅርቡ ጠርቶልኛል ብለዋል። የሩቁስ?»

«የሩቁማ ጭጋግ ነው። ግን የሩቁ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምሰፋው የቅርቡን ነው።»

ሐኪሟ ፈገግ አለች፤ ነገሩን ግን አልሸፋፈነችም። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ የዓይን ሌንስ ያብጥና ቅርጹ ይለወጣል፤ ያኔ ለአንዳንድ ሰው የቅርቡ ይጠራለታል። ይህ ጠርሙሱ መድኃኒት ሆኖላት ሳይሆን የሕመሙ ምልክት ነው። ስኳሩ ሲወርድ እይታዋ እንደ ድሮው ይሆናል። ካልወረደ ደግሞ ውሎ አድሮ ዓይኗን ራሱን ልታጣ ትችላለች።

አክስቱ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች፤ «አሁንስ እንደ ሁኔታው ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ» አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ እርግጠኛ የሆነበት ነገር ይህ በመሆኑ አፈረ።

ጠርሙሱን ተወች፤ ሐኪሟ ያስተካከለችላትን ኪኒንም እየወሰደች ስኳሩ ቀስ በቀስ ወረደ። ጀሪካኑም ወደ ወጥ ቤት ተመለሰ። አንድ ከሰዓት ላይ ክሩን በምራቋ አርጥባ ወደ መርፌው ላከችው፤ ሳተው። ደገመች፤ ሳተው። እሱ መሳቢያውን ከፈተ፤ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ አቀበላት። ሳታመሰግነው አጠለቀችው።

«ሰጥተው ቀሙኝ» አለች። ጥቂት ሰፋችና መኪናውን አቆመች። «ስልክህን አውጣ። የሠሪዎቹ ቁጥር ጠርሙሱ ላይ አለ። የምልህን ጻፍ።»

«እሺ በይ።»

«ጤና ይስጥልኝ። ስኳሩን አውጥታችሁ እህሉን ብቻ ላኩልኝ። ያሳመመኝ ስኳሩ ነው፤ ዓይኔን ያበራው ግን እህሉ ነው። ልብስ ሰፊዋ።»

ጣቱ ስልኩ ላይ ቀረ። ሐኪሟ ያለችውን ሊደግምላት አፉን ከፈተ። በመነጽሯ አናት አየችው።

«ምነው፣ ፊደል ገደፍኩ?»

«አልገደፍሽም።»

«እንግዲያው ከአክብሮት ጋር በልበትና ላከው።»

አንድ ቃል ሳይነካ፣ ከአክብሮት ጋር ብሎ ላከው።

ከዚያ በኋላ በመጣ ቁጥር፣ ገና ዱካዋ ላይ ሳይቀመጥ «ምን አሉ?» ትለዋለች። እሱም ስልኩን አውጥቶ ያይላታል። መልስ አልመጣም።