ካፒቴን ሩሪክን ከገመዱ ማን ያውርደው?

ስልኩ ሲጠራ ኢልቫ ቢሮዋ ተቀምጣ የስዊድኗን የኡሜዎ ከተማ አውቶቡሶች የጉዞ ሰዓት ታስተካክል ነበር። የማታውቀው ቁጥር ነው።

"ኢልቫ ነሽ? ዶክተር ሊኔያ እባላለሁ፣ የልብ ቀዶ ሐኪም ነኝ። ሲክስተን የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?"

ኢልቫ የወንበሯን መደገፊያ ጨበጠች። "ምን ሆነ?"

"እስካሁን ምንም አልሆነም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ነገ ጠዋት የልቡን ቫልቭ ልንቀይርለት ነበር። ካልተቀየረ ለገና አይደርስም፣ እሱንም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ሰውዬው ግን ወይ ፍንክች! 'ካፒቴን ሩሪክ ከገመዱ ሳይወርድ ንክች እንዳታደርጉኝ' ነው የሚለው። ማነው ይሄ ካፒቴን? ለፖሊስ ልደውል ወይስ ለወደብ?"

"ወይኔ ጉዴ!" አለች ኢልቫ። "እኔ ነኝ የሰቀልኩት።"

"እንግዲያው" አለች ሐኪሟ፣ "ነገ ከሁለት ሰዓት በፊት መጥተሽ አውርጂልኝ።"

ካፒቴን ሩሪክ ሰው አይደለም። ማለቴ፣ ሰው ነው፣ ግን የለም። ኢልቫ፣ ሲክስተንና ቶርከል ለብዙ ዓመታት በሲክስተን ምድር ቤት ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት የጀብዱ ጨዋታ አላቸው። ኢልቫ አጫዋቿ ናት። ታሪኩን ትነግራለች፣ ክፉዎቹን ሁሉ እሷ ትሆናለች፣ ነገሩ ሲጦዝ ቆም ትልና "ምን ታደርጋለህ?" ትላለች። ተጫዋቹ የሚያደርገውን ይናገራል፣ እስከ ሃያ ቁጥር ያለው ዳይስ ይወረውራል፣ ዳይሱ የፈረደበትን ይቀበላል። ዘመኑ ያ የድሮው ነው፤ የአየር መርከብ ከደመና በላይ የሚንሳፈፍበት፣ የካፒቴኑ ባላንጣ የሆነ፣ ባሮን የሚሉት ክፉ መስፍን የጠፋ ወርቅ ፍለጋ ጫካ የሚያምስበት። ሲክስተን ዕድሜውን በሙሉ በወረቀት ፋብሪካ ማሽን ግራሶ ሲቀባ የኖረ፣ አውሮፕላን ላይ ወጥቶ እስኪወርድ ዓይኑን የማይገልጥ ሰው ነው። ካፒቴን ሩሪክ ሲሆን ግን ኧረ ተዉኝ! ከአንዱ አውሮፕላን ክንፍ ወደ ሌላው ሲዘል ኮፍያው እንኳ አይወድቅም።

የዚህ ጨዋታ ባህል ደግሞ ጀግናው ሊሞት አንዲት ትንፋሽ ሲቀረው ማቆም ነው። "በሉ ይብቃን!" ይባላል፣ ካፖርት ይለበሳል፣ ሰው እየተብሰለሰለ ቤቱ ይገባል፣ ጓጉቶም ይመለሳል። ደግ ባህል ነበር፣ የሚመለሱበት ቀን ቢገኝ። ቀን ከየት ይምጣ! ሦስቱም ካልተገኙ ጨዋታ የለም፤ ስለዚህ ኢልቫ በኢንተርኔት የቀን መምረጫ ታወጣለች፣ የሚመቸውን አረንጓዴ የማይመቸውን ቀይ እያሉ ይሞላሉ። በሐምሌ ሁሉም የበጋ ጎጆው ነው። በነሐሴ የሸርጣን ድግስ አለ። ከዚያ የአጋዘን አደን ይገባል፤ በአደን ሰሞን ቶርከልን ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ከጫካ አታወጡትም። ክረምት ሲመጣ የበረዶ ሸርተቴ፣ በረዶው ሲቀልጥ የቶርከል መዘምራን ልምምድ። በሺህ የሚቆጠር መንገደኛ በደቂቃ የምታጓጉዝ ሴት፣ ሦስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አቅቷት ዓመት ተኩል አለፈ። ካፒቴን ሩሪክም እንደተንጠለጠለ ነው።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ኢልቫ ያን የቀን መምረጫ ከፈተችው። የቶርከል መስመር ቀይ ነው። የሷም ቀይ ነው፣ እንደውም ከቶርከል የባሰ። የሲክስተን መስመር ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነበር። አንድም ቀይ የለበትም፣ የገናን ዋዜማ ጨምሮ። እስከዛሬ ይህን አለማየቷ አናደዳት፤ አንጀቷንም በላት።

አሁን ማውረድ ነው። ግን እንዴት?

ያኔ፣ ካፒቴኑ በተሰቀለበት ሰሞን፣ ኢልቫ ሥራ በዝቶባት ስለነበር ወጥመዱን የወሰደችው ከለመደችው የኢንተርኔት ገጽ ነበር። አንድ ጡረተኛ ስኮትላንዳዊ ለመሰል አጫዋቾች በነጻ የከፈተው ነው፤ የሌለ አገር ካርታ፣ የአየር መርከብ መነሻ ሰዓት፣ ለክፉ ሰው የሚሆን ስም፣ የጫካ ከበሮ ድምፅ፣ ምን የሌለ ነገር አለ! ከዚያ ውስጥ "መውጫ የሌላቸው ወጥመዶች" የሚል ሰንጠረዥ ነበር። ዳይስ ወርውሮ የወጣውን አንድ ወጥመድ መውሰድ ነው። ኢልቫ አንድ አልበቃ ብሏት ደጋግማ ወረወረችና የወጣውን ሁሉ ደረበችው። እናም ካፒቴን ሩሪክ ከአየር መርከብ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ገመዱ እየነደደ፣ ከሥሩ እሳተ ገሞራ አፉን ከፍቶ፣ እሳተ ገሞራው ውስጥ ደግሞ አዞዎች እየጠበቁት ቀረ። አዞ እሳተ ገሞራ ውስጥ ምን ይሠራል? ማንም አልጠየቀም። ሲክስተን ያን ምሽት "በስማም!" ብሎ የቀረፋ ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ረስቶት ነበር።

ከሰንጠረዡ ግርጌ "መፍትሔውን ለማየት እዚህ ይጫኑ" ይላል። ኢልቫ ያኔ አልተጫነችም። ሲደርስ አየዋለሁ አለች፣ እንደማንኛችንም።

ዛሬ ተጫነች። "የፈለጉት ገጽ አልተገኘም" አላት። ደግማ ተጫነች፣ ያው ነው። ለስኮትላንዳዊው ኢሜይል ብትልክ ኢሜይሏ ዓይኗ እያየ ተመልሶ መጣ። የቀራት አጫዋቾች የሚመካከሩበት መድረክ ነበርና እዚያ ገብታ ጻፈች። "ተጫዋቼ በሚነድ ገመድ ከአየር መርከብ ላይ ተንጠልጥሏል። ከታች እሳተ ገሞራ፣ ውስጡ አዞ። ነገ ጠዋት የልብ ቀዶ ጥገና አለው። እንዴት ይውጣ? የምሬን ነው፣ እርዱኝ።"

መልሱ እንደ ጎርፍ መጣ። የመጀመሪያው፣ "ቀዶ ጥገናው የካፒቴኑ ነው የተጫዋቹ?" አለ። አንድ ጀርመናዊ በዚያ ዘመን ገመድ ከምን ይገመድ እንደነበር፣ በምን ፍጥነት እንደሚነድ፣ በነፋስና ያለ ነፋስ፣ ረጅም ስሌት አስቀመጠ። አንዱ አዞዎቹ የአፍሪካ ናቸው ወይስ የአሜሪካ ብሎ ጠየቀ፤ በዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ተያያዙና እናት እስከመሰዳደብ ደረሱ። ሌላው "ይሙትና ሌላ ጀግና ይፍጠር፣ ምን ያካብዳል!" አለ። ኢልቫ ደሟ ፈላ። የሚገባውን ልትነግረው ስትጽፍ፣ የመድረኩ ኃላፊ ጥያቄዋ በካርታ ክፍል ሥር መለጠፍ እንዳልነበረበት ገልጾ ውይይቱን ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ባዶ እጇን፣ ማለትም ዳይሶቿን ብቻ ይዛ ሆስፒታል ደረሰች። ሲክስተን ነጭ ልብስ ለብሶ አልጋ ላይ ተጋድሟል፤ ደረቱ ተላጭቷል። ዶክተር ሊኔያ እግርጌው ቆማ ሰዓቷን ታያለች።

"መጣሽ?" አለ ሲክስተን። "እኔማ አንቺም ቀይ የሞላሽ መስሎኝ ነበር።"

"አንተ ክፉ ሽማግሌ! ሰው ለወረቀት ካፒቴን ብሎ ይሞታል?"

"ማን ሰቀለው? እኔ ነኝ የሰቀልኩት?"

"ስሞትልህ ሲክስተን፣ መጀመሪያ ታከም፣ ከዚያ..."

"ከዚያ የለም!" ድምፁ ተሰበረ። "ስሚኝ ልጄ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ዛሬ እዚያ ውስጥ ብቀር ሩሪክን ማን ያወርደዋል? ቀን መምረጫ ልታወጡለት ነው? እኔ ዓመት ተኩል ያን ጠረጴዛ አላነሳሁም። ወንበሮቻችሁ እንዳሉ ናቸው። ደወል በተደወለ ቁጥር እናንተ ትመስሉኛላችሁ፤ ስከፍት ፖስተኛ ነው። ፈርቻለሁ። እሱንም ሰቅዬ፣ እኔም ተሰቅዬ መሄድ አልፈልግም።"

ኢልቫ ስልኳን አውጥታ ቶርከል ጋ ደወለች።

"ጫካ ነኝ" አለ ቶርከል በሹክሹክታ። "ማማ ላይ ነኝ። አጋዘኑ እዚሁ አካባቢ ነው። አታናግሪኝ።"

"አትናገር፣ ስማ ብቻ። እየተጫወትን ነው።"

"አሁን?" አለ ቶርከል። "እሺ። ሦስታችንም አለን ማለት ነው።"

ኢልቫ የምግብ ማቅረቢያዋን ጠረጴዛ ወደ አልጋው ሳበችና ዳይሱን አስቀመጠች። "ካፒቴን ሩሪክ" አለች በዚያ በአጫዋችነት ድምፅዋ፣ "ነፋሱ ያንገላታሃል። ገመዱ ይነዳል። ከታች አዞዎቹ..." እዚህ ላይ ቆመች። ሲክስተን በትልልቅ ዓይኖቹ ያያታል። "መውጫውን አላውቀውም ሲክስተን። ከኢንተርኔት ነው የወሰድኩት፣ ገጹ ጠፋ።"

የልብ መቆጣጠሪያው ማሽን ጢጥ ጢጥ ይላል።

"ይቅርታ አድርጉልኝና" አለች ዶክተር ሊኔያ፣ "እሳቱ የተያያዘው በየትኛው ጫፍ ነው?"

ኢልቫ ዞር ብላ አየቻት። ጀርመናዊው አልጠየቀም። ስለ አዞ የተሰዳደቡትም አልጠየቁም። እሷ ራሷ አስባው አታውቅም።

"እኔ እንጃ... እሳተ ገሞራው ያለው ታች ነው" አለች።

"እና ገመዱ ከታች ከነደደ ካፒቴኑ ወደ ላይ አይወጣም?"

"ወደ ላይ!" ብሎ ሲክስተን ቀና ሲል ማሽኑ ጮኸ። "ዓመት ተኩል! ዓመት ተኩል ሙሉ ወደ ታች ሳይ!"

"ተኛ!" አለች ሐኪሟ። "ተኝተህ ውጣ።"

"ምን ታደርጋለህ?" አለች ኢልቫ።

"እወጣለሁ!"

ዳይሱን ወረወረ። ዳይሱ ከጠረጴዛዋ ተንከባለለና አልጋው ሥር ገባ። ዶክተር ሊኔያ በጉልበቷ ተንበርክካ አንገቷን አስገባች። "ሁለት ይላል" አለች ከሥር። "ጥሩ ነው?"

ሲክስተን አመድ መሰለ። ሁለት ማለት መውደቅ ነው።

"መሬት የወደቀ አይቆጠርም!" አለ ቶርከል ከስልኩ፣ ሹክሹክታውን ረስቶ። "ሕግ ነው! እንደገና!"

ይህን ሕግ ሲክስተን አንድም ቀን ወዶት አያውቅም፤ ስንት ጥሩ ዳይስ አስጥሎታል። አሁን ግን አፉን ዘግቶ ዳይሱን ከሐኪሟ ተቀበለና በሁለት መዳፉ ሸፍኖ ቀስ አድርጎ ጣለው። አሥራ ሰባት።

"ወጣህ!" አለች ኢልቫ። "ጫማህ እየጨሰ፣ እጅህ እየደማ ትወጣለህ። የመርከቡን የብረት አጥር ጨበጥክ።"

"ተመስገን" አለ ሲክስተን። ራሱን ትራሱ ላይ ጣለ፣ ፊቱ ለሰለሰ። "በቃ። አሁን ውሰዱኝ፣ እሺ ብያለሁ።"

ነርሶቹ የአልጋውን ጎማ ፈቱ። ኢልቫ ያን ፊት አየችና ክው አለች። ሁሉን ጨርሶ ቁልፉን ያስረከበ ሰው ፊት ነው። እንዲህ ሆኖ ከገባ አይመለስም አለች በልቧ። ሮጣ የአልጋውን ብረት ያዘች።

"ቆይ! አጥሩን እንደጨበጥክ አንድ ሰው ከላይ እጅህን ለቀም አደረገህ።"

ሲክስተን ዓይኑን ገለጠ። "ማን?"

"ቀና ብለህ አየህ። ፊቱን ታውቀዋለህ።"

"ማነው በይኛ!"

"ምን ታደርጋለህ?"

"አንቺ አረመኔ! ማነው?" አልጋው እየሄደ ነው፤ ሲክስተን አንገቱን አጣሞ ይጮኻል፤ ጉንጮቹ ቀልተዋል፣ ያ ለስላሳ ፊት የት እንደገባ እንጃ። በሩ ሲከፈት ግን ድንገት ጩኸቱን ተወና በተንኮል ሳቀ። "የማደርገውን አውቄያለሁ" አላት። "አልነግርሽም። አንቺም ተንጠልጠይ!"

በሩ ተዘጋ።

"ማነው እጁን የያዘው?" አለ ቶርከል በስልኩ።

"አላውቅም" አለች ኢልቫ።

ኮሪደሩ ውስጥ ተቀመጠች። ከማሽኑ ቡና ቀድታ ሳትጠጣው በረደ። ቶርከልም ስልኩን አልዘጋም፤ አልፎ አልፎ የጫካው ነፋስ ብቻ ይሰማል። አንድ ጊዜ "አጋዘኑ መጣ" አለ፤ ተኩስ አልተሰማም። ስንት ገጽ፣ ስንት ሰንጠረዥ የምታውቅ ሴት፣ የዛሬውን መጨረሻ የት ገብታ ታየዋለች? የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛ ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሊኔያ ብቅ አለች። ፊቷን አኮሳትራለች፣ አውራ ጣቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ኢልቫ ተነሳች።

"ሲነቃ አይዞህ ልለው እጁን ያዝኩት" አለች ሐኪሟ። "ዓይኑን ገልጦ አየኝ፣ 'ባሮን!' አለና ነከሰኝ።"

"ነከሰሽ?"

"ነከሰኝ!"

"በኃይል?"

"አሳምሮ!"

ኢልቫ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና አለቀሰች፤ ሳቅም ተቀላቀለበት። ከዚያ ስልኩን አንስታ "ቶርከል፣ ነክሷታል! ባሮኑን ነክሶታል!" አለችው። ከጫካው የሰውዬው እልልታ ኮሪደሩን ሞላው፤ ተከትሎም ቅርንጫፍ እየሰበረ የሚሸሽ የአጋዘን ኮቴና የሌሎች አዳኞች እርግማን ተሰማ።