ከሰኪና ወንበር ሲታይ

«ዝናብ እንኳን በወጉ አልነካትም። ባለቤቷ የድሮ ሾፌር ናቸው፣ እንደ ልጅ ነው የያዟት» እያልኩ ሳወራለት ሰውየው ቀና ብሎም አላየኝም። ጭንቅላቱን ከኮፈኑ ስር ከቶ አንዱን የውኃ ጎማ በእጁ ይጨምቃል።

«ብቻ ስትገዛት አደራ፣ ቀለሟን እንዳትቀይረው» አልኩት።

«ሙሉ» አሉ ጋሽ ኢስሐቅ ከመኪናዋ ማዶ ሆነው። «ይሄ ኦላና ነው፣ መካኒኩ። ልሸጣት ነው ያለሽ ማን ነው?»

ማንም አላለኝም። ግን ሰሚት ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ሱቅ ያላት ሴት ሁሉን ነገር ቀድማ ማወቅ ይጠበቅባታል። ኮፈን ተከፍቶ የማላውቀው ሰው ጎንበስ ካለበት፣ ገዢ ነው ብዬ ነው የምጀምረው።

«እኔ እኮ በደህና እንድትሸጥልዎ ብዬ ነው።»

«አንቺ የምታወሪላት መኪና ብትኖረኝማ ምን ቸገረኝ።»

መኪናዋ ጠዋት ስትነሳ ሕንፃውን በሙሉ የምትቀሰቅስ አሮጌ ናፍጣ ናት። እኛ ለምደናታል። ያልለመድነው የሚስታቸው የእትዬ ሰኪና አለመኖር ነው። ልጃቸውን ሀጀርን ሊያርሱ ድሬዳዋ የሄዱት ለጥቂት ሳምንት ነበር። አራሷ ተነስታ ሥራ ገብታለች፣ ሕፃኑ ግድግዳ ይዞ መቆም ጀምሯል፣ እሳቸው ግን አልተመለሱም። ጋሽ ኢስሐቅ በየማታው እኔ ሱቅ በር ላይ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው ይቀመጡና ይደውላሉ። ጆሯቸው ደከም ስላለ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ነው የሚያወሩት። ስለዚህ ሳልፈልግም እሰማለሁ። ደግሞ እፈልጋለሁ።

«መኪናዋ እንዴት ናት?» ይላሉ እትዬ ሰኪና።

«ያው ናት። ሙቀቷ ይጨምራል።»

«እንግዲያው እንዳትነሳ። ቁልቢ ዳገት ላይ ቆመህ ሰው ሲስቅብህ ማየት አልፈልግም።»

ከዚያ ሕፃኑ ሲያለቅስ ይሰማል፣ ስልኩም ይዘጋል። ጋሽ ኢስሐቅ ስልኩን በእጃቸው እንደያዙ ትንሽ ይቆያሉ።

አንድ ቀን «ባቡር አለ እኮ» አልኳቸው።

«የወሰድኳት እኔ ነኝ። የምመልሳትም እኔ ነኝ» አሉኝ።

እና መካኒኩን የጠሩት ለዚህ ነው። ኦላና ጉርድ ሾላ አካባቢ ጋራዥ አለው። የራዲያተሩን ክዳን ቀይሮታል፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አጥብቆታል፣ ራዲያተሩን አውርዶ አሳጥቦታል። አሁን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ።

«ጋሼ፣ ውኃ አትጨርስም። ዘይቷ ንጹሕ ነው። እኔ በሽታ አላገኘሁባትም።»

«የሙቀት መርፌዋስ?»

«መርፌዋማ ትወጣለች። እኔም ነድቻት አይቻለሁ።»

«ሰኪናን ይዤ ስሄድ ደህና ነበረች። ያን ሁሉ ዳገት ወጥታም መርፌዋ ግማሹን አላለፈችም። ብቻዬን ስመለስ አዋሽ ላይ ዞር ብዬ ባያት፣ አልፋለች። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም።»

«እስቲ ጭነት ጭነንባት ዳገት ላይ እንያት» አለ ኦላና።

ጭነት ሲባል ስሜ የተጠራ መሰለኝ። የማመጣው ሳሙናና መኮሮኒ ነበረኛ። ጉርድ ሾላ ወርደን ከኋላ ሞላንባት። ኦላና ካርቶኖቹ መሃል ተሸጎጠ። የቀረው የፊተኛው ወንበር ብቻ ነው።

እዚያ ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም። የእትዬ ሰኪና ትንሽ ትራስ እንደተቀመጠችበት አለች። ጋሽ ኢስሐቅ ሰው ሲጭኑ ከኋላ ነው የሚያስገቡት። ኦላናም ቢሆን ወይ ይነዳል ወይ ከኋላ ይቀመጣል። በሩን ይዤ ቆምኩ።

«ካልሆነ ኮፈኑ ላይ እሆናለሁ» አልኩ።

ወንበሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ትራሷን አንሺና ግቢ።»

ትራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ገባሁ። በለሚ ኩራ በኩል አዲስ ሕንፃ የሚሠራበት፣ የጠጠር መኪና አቧራ የሚያጨስበት ዳገት አለ። እሱን ስንይዝ ጋሽ ኢስሐቅ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡና ወደ መሃል ዘንበል ብለው አዩ።

«ይኸው። ወጣች።»

«ምን ወጣ?»

«መርፌዋ ናታ። ግማሹን አልፋለች።»

ከሬዲዮው ሥር ያለችውን ክብ የሙቀት ጌጅ አየሁ። «ኧረ ጋሽ ኢስሐቅ፣ ግማሽ ላይ ናት።»

እግራቸውን ከነዳጁ አነሱ። መኪናዋ መንገጫገጭ ጀመረች።

«ምን አልሽ?»

«ግማሽ ላይ ናት።»

ዳር ይዘው አቆሙ። ኦላና ከካርቶኖቹ መሃል እየተጎተተ ወረደ፣ ኮፈኑን ከፍቶ የውኃ ጎማዎቹን ዳሰሰ፣ ራዲያተሩን አዳመጠ። ሙቀቷ እንደማንኛውም መኪና ነው አለ። ከዚያ በአንዱ በር አንገቱን አስገብቶ ጌጁን አየ። ዞሮ በሌላው በር አየ። እንደገና ዞረ።

«ጋሼ፣ ይቺ በኋላ የተገጠመች ናት አይደል? መርፌዋ ከቁጥሩ ርቃ ነው የተሰቀለችው። በእርስዎ በኩል ሲያዩዋት ግማሹን ያለፈች ትመስላለች። ሙሉ በተቀመጠችበት በኩል ሲያዩዋት ግን ግማሽ ላይ ናት። ልክ የሚሆነው ፊቷ በዞረበት በኩል ያለው ነው። ወደዚያ ማን አዞራት?»

«እኔ ነኝ ያስዞርኳት» አሉ ጋሽ ኢስሐቅ።

የፋብሪካዋ ጌጅ ሲበላሽባቸው ይቺን ያስገጠሙ ጊዜ፣ ዓይናቸው የሩቁን እንጂ የቅርቡን አያይም ነበር። መነጽር አድርጎ መንዳት ደግሞ ለሾፌር ነውር ነው ብለው እምቢ አሉ። እትዬ ሰኪና «ወደ እኔ አዙረው፣ እኔ አይልሃለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ዳገት በመጣ ቁጥር እሳቸው መንገዱን ያያሉ፣ እትዬ ሰኪና ደግሞ «ግማሽ ላይ ናት» ይላሉ። መነጽሩ የተገዛው ከድሬዳዋ ብቻቸውን ሊመለሱ ሲነሱ ነው።

«ውረጂ እስቲ» አሉኝ።

ወረድኩ። ዞረው መጡና በእትዬ ሰኪና ወንበር ላይ ተቀመጡ። ትራሷን ከእጄ ተቀብለው እንደ ሚስታቸው ከወገባቸው ኋላ አደረጓት። ጌጁን ያያሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ዓይናቸው ባዶው መሪ ላይ ቀረ። አንድ ጠጠር የጫነ መኪና አቧራውን አልብሶን አለፈ። መስኮቱን አልዘጉም።

«ከዚህ ሆና የምታየው የኔን እጅ ነው ለካ» አሉ።

  ኦላና ምንም ሳይባል መሪውን ያዘ፣ እኔ ከሳሙናው ጋር ከኋላ ታጨቅሁ። ሰሚት እስክንደርስ ጋሽ ኢስሐቅ ከዚያ ወንበር አልተነሱም።

የዚያን ቀን ማታ ሣጥናቸውን ገልብጠው ደወሉ።

«ሰኪና፣ መኪናዋ ዳነች።»

«ምኗን ነበር ያመማት?»

«ያንቺ አለመኖር ነበር» አሉና ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዷቸው። አንዳንዱን ሁለቴ ተናገሩት። «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እነሳለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ከወዲያ በኩል ሕፃኑ በማንኪያ ድስት ይመታል። እኔ የተደረደረ ዳቦ እንደገና መደርደር ያዝኩ።

«እዚህ እስክትደርስ ማን ያይልሃል?» አሉ እትዬ ሰኪና።

«ስመጣ አላያትም። ስንመለስ አንቺ ታይልኛለሽ።»

የድስቱ ድምፅ ቆመ። ሕፃኑን አንስተውት መሰለኝ።

«እሺ፣ ና» አሉ፤ ቀጥለውም፣ «ግን ኢስሐቅ፣ ያን ሁሉ ዘመን ግማሽ ላይ ናት ስልህ፣ አይቻት መሰለህ?»