ከቤቱ ሥር ያለው ቦይ

በ2008 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ጋፋት አጠገብ ያለውን የመስኖ ቦይ ናዳ ደረመሰው። ክረምቱ ሳይዘንብ አልፎ ስለነበር የሠላሳ አባወራ ተስፋ በዚያ ውሃ የሚለማው ድንች ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ጠወለገ።

ሌላ የጥንት ቦይ እንደነበረ ሁሉም ሰምቷል። የቴዎድሮስ ብረት ቀላጮች ቆፈሩት የሚል አለ፤ የለም፣ አያቶቻችን ናቸው የሚልም አለ። ከብዙ ዘመን በፊት ተደፍኖ፣ በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ታረሰ። መሄጃውን የሚያውቁት አቶ ይሻው ብቻ ናቸው፤ የቀድሞው የውሃ አባት፣ ውሃ በተራ ያከፋፍሉ የነበሩ። አሁን ዓይናቸው አያይም።

ምራታቸው ፈንታነሽ ሕፃኗን አዝላ፣ እጃቸውን ይዛ ወደ ዳገቱ ወጣች፤ መንደርተኛውም ተከተላቸው። በምርኩዛቸው መሬቱን እየነኩ ሄደው ከአንድ ወይራ ዛፍ በላይ ቆሙና፣

"እዚህ ቆፍሩ" አሉ።

አራት ቀን ተቆፈረ። ከቀይ አፈርና ከጠጠር በቀር የተገኘ የለም። ጎረቤታቸው ሙላቴ ከማሳው የነቀለውን ድንች ይዞ መጣ፤ ፍሬው ከባቄላ አይበልጥም።

"አባባ፣ ልጆቼን ምን ላብላቸው? በፈጠረዎ ያስታውሱ!" ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ፈንታነሽ አምና ከቤቷ ወለል ሥር የእህል ጉድጓድ ስትቆፍር እንደ ቦይ ግድግዳ ተስተካክሎ የተደረደረ ድንጋይ አግኝታ ነበር። ባሏ አስናቀ "መልሰሽ ድፈኚው" ብሏት ደፍናዋለች። ቤቱ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቆርቆሮው የተገዛው ያለቻቸው አንድ ላም ተሸጣ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ "አባባ፣ ቦዩ ከእኛ ቤት ሥር ነው አይደል?" አለቻቸው።

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ። "እመጫት ነሽ፤ ሕፃን ታቅፈሽ የት ትወድቂያለሽ ብዬ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሠላሳ ቤት አስራብሁ።"

"እኔም እያወቅሁ ዝም አልሁ" አለች።

አስናቀ ቤቱ ሊፈርስ መሆኑን ሲሰማ ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። "መጀመሪያ እኔን ቅበሩና አፍርሱት!" አለ። እሷ አልተከራከረችውም። በአጠገቡ እየተመላለሰች አቁማዳውን አወጣች፣ ጋኑን አወጣች፣ አልጋውን ጎተተች። ከዚያ መጥረቢያውን አንስታ ግድግዳውን መታችው። አስናቀ ዱላውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እውነቱን ከፈንታነሽ የሰማው ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ማፍረሱን አገዛት።

ከወለሉ ሥር የተገኘው ቦይ ተጠርጎ፣ ቁፋሮው በተጀመረ በስምንተኛው ቀን ውሃው ወረደ። የላይኞቹ ማሳዎች ነፍስ ዘሩ፤ የታችኞቹ ግን ደርቀው ነበር፣ የሙላቴም ጭምር። እሱ በሳምንቱ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ ሄደ።

ፈንታነሽና አስናቀ ቆርቆሮውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ከሥሩ ተጠለሉ። አንድ ቀን የሙላቴ ሚስት አሰለፈች በጀሪካን ውሃ ልትቀዳ ወደ ቦዩ መጣች። ፈንታነሽ ብድግ ብላ "እንዴት ዋልሽ?" አለቻት።

"አራት ቀን ቀደም ብላችሁ ብትናገሩ ኖሮ" አለች አሰለፈች፣ ቀና ብላ ሳታያት። ጀሪካኗን አዝላ ቁልቁል ወረደች።