ያስጠጓት ሰዎች

አሁን ይቺን ልጅ ወዴት ሊሰዷት ነው? አሮጊቷ ድንች እየላጡ ራሳቸውን ደጋግመው ጠየቁ። የጓዳቸው ተከራይ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች፤ መኪናው ከጠዋት ጀምሮ ድምፅ አላሰማም። የእሷ ጠበቃ ደግሞ ካፖርቱን ሳያወልቅ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

"ደህና አድርገህ ተቀመጥ እንጂ፤ የሚያይህ ሰው ቤቱ እሳት የያዘ ይመስለዋል" አሉት። ማንም አልሳቀም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቁታል። ልብስ ሰፊዋ ለጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ስትሄድ፣ በመንገድሽ ደግ የዋሉልሽን ሰዎች አመስግኚ፣ ውለታ የሚያውቅ ሰው ይወዳሉ ብለው የመከሯት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ከልጅ ልጃቸው ጋር በመጡበት ዘመን እንዲያ ነበር፤ መርማሪው እስከ መጨረሻው ሰምቶ ውሃ ቀድቶ ሰጥቷቸዋል። ልጅቱም እንደተመከረችው፣ ጎረቤት አገር ውስጥ አንድ ቤተሰብ ክረምቱን ሙሉ እንዳስጠጋት ተናገረች። መርማሪው እዚያ ላይ ብዕሩን ከደነ። አዲሱ አዋጅ በመንገዱ ሌላ አገር የተጠለለ ሰው ወደዚያው ይመለስ ይላል። ከቤቷ ለምን እንደሸሸች፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ጠባሳ ከምን እንደመጣ የጠየቃት የለም።

ጠበቃው ነገሩን በትዕግሥት አስረዳ። ማንንም ሰው ነፍሱ ወደምትጠፋበት ላለመመለስ መንግሥት ከሌሎች አገሮች ጋር የፈረመው ስምምነት አለ፤ አዋጁ ያንን ይጥሳል። ጎረቤት አገር የተመለሰለትን ስደተኛ ሁሉ አውቶቡስ ላይ ጭኖ ለአሳዳጆቹ ያስረክባል። ይህንን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ ከሰዓት ዳኛዋ ፊት ከቀረበ መባረሯ ሊታገድ ይችላል። ካልቀረበ ነገ ጠዋት መጥተው ይወስዷታል።

"እማማ፣ እርስዎም በዚያ በኩል ነው አሉ የመጡት።"

"ማነው ባዩ? እኔ ምንም አላየሁም" አሉ አሮጊቷ ቢላውን ሳያስቀምጡ። "ደግሞስ አዋጁ የድሮውም ፋይል ይከፈት ይል የለም እንዴ? እኔ እንኳ የትም ቢጥሉኝ ለአፈር ነው። የልጅ ልጄ ግን በእኔ ፋይል ነው የምትኖረው።"

ጠበቃው ሊዋሻቸው አልፈለገም። "ሊከፈት ይችላል" አለና የጫማውን ጫፍ አየ።

"ተዋቸው በናትህ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ቤታቸውን ሰጡኝ፤ ልጃቸውንም ጨምረው ይስጡኝ?"

የልጅ ልጃቸው ከምትሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ለምሳ መጥታ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። መቼ እንደገባች ማንም ልብ አላለም።

"አውቶቡሱ አረንጓዴ ነው" አለች።

አሮጊቷ ደነገጡ። "የስድስት ዓመት ልጅ ምን ታስታውሳለች? ሰው ያወራውን ሰምተሽ ነው።"

"አባባ በመስኮቱ ጃኬቱን ወረወረልኝ። አንቺ አፌን በእጅሽ አፍነሽ ያዝሽኝ።"

"እንዳይወስዱሽ ነው።" የአሮጊቷ ድምፅ አነሰ። "ዛሬም እንዳይወስዱሽ ነው፣ የኔ እናት። አንቺን ላተርፍ ብዬ ልጄን ስሙን ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም።"

የልጅ ልጃቸው ሽርጧን ፈታች፣ ሳሙና ያቀላቸውን እጆቿን ታጠበች፣ ንጹሕ ሸሚዟን ለበሰች። አሮጊቷ ተነሥተው በሩን በጀርባቸው ደገፉ። ከውጭ መኪና ሲቆም ተሰማ፤ አራቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። የመኪና በር ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ኮቴው ወደ ጎረቤት አለፈ።

"ሰዓቱ እየሄደ ነው" አለ ጠበቃው በቀስታ።

የልጅ ልጃቸው መጥታ ፊታቸው ቆመች። አልገፋቻቸውም፣ አልለመነቻቸውም። አሮጊቷ አተኩረው አዩአት። የሸሚዟ ቁልፍ ተዛንፎ ነበር፤ ፈተው አስተካክለው ቆለፉላት። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ አሉ።

የልጅ ልጃቸው የልብስ ሰፊዋን ክንድ ይዛ፣ ከጠበቃው ጋር ወደ ፍርድ ቤቱ ወጣች።