በብራውዘር የተቀመጡ እናቶች

የአሶሳ ጤና ቢሮ መተግበሪያ ሠሪ ቀነኒ ከሁለት ፍሬምወርክ አንዱን መምረጥ ነበረባት። ፍሬምወርክ መተግበሪያ የሚቆምበት አጽም ነው፤ ከተመረጠ በኋላ መለወጥ ቤት አፍርሶ እንደ መሥራት ነው። አንደኛው መተግበሪያውን ኢንተርኔት በሚከፈትበት የስልኩ ብራውዘር ውስጥ ያኖረዋል፤ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ሁለተኛው ስልኩ ላይ ተጭኖ መረጃውን ለብቻው ያስቀምጣል፤ ለመማር ሁለት ወር ይፈልጋል። የመጀመሪያውን መረጠች። በብራውዘር የሚቆይ መረጃ ሊጠፋ እንደሚችል መመሪያው በአንድ መስመር ያስጠነቅቅ ነበር። አንብባው አልፋለች።

መተግበሪያው ለሙከራ ከወጣ በኋላ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ዓኢሻ ከሸርቆሌ በሚኒባስ አሶሳ ገባች። መተግበሪያውን ነፍሰ ጡሮችን በመመዝገብ የምትሞክር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በቢሮው በር ቆማ ስልኳን ዘረጋች።

«እህቴ፣ ሴቶቹ የለም።»

ቀነኒ ከፈተችው። ዝርዝሩ ባዶ ነው።

«ስንት ነበሩ?»

«አሥራ ሁለት። ሳምንቱን ሙሉ ኔትወርክ የለም፤ አልተላከም።»

«ስልኩን ማን ነካው?»

«ማንም! ቅዳሜ ገበያ፣ ዘፈን ጫኙ ብቻ። ሞልቷል አለኝ፣ ጠረገልኝ። ሁሉም ሰው ያስጠርጋል። አንቺ ዘፈን አትሰሚም እንዴ?»

ቀነኒ ለመሳቅ ሞከረች። ዘፈን ጫኙ የጠረገው ብራውዘሩን ነው። እሷም እናቶቹን ያስቀመጠችው እዚያው ነው።

«ደብተሩስ?»

«ደብተር ተዉ ያላችሁት እናንተ!»

ዓኢሻ ስሞቹን በጣቷ ቆጠረች። አሥራ አንድ ላይ ቆመች።

«አንዷ አዲስ ነው፣ ከወንዝ ማዶ። በፊት ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሰ። መውለጃው በዚህ ሳምንት።»

«ስሟ?»

«ወላሂ፣ መልኳን ብቻ።»

የቢሮው ኃላፊ አቶ ሙርሳል ብቅ አሉ። «መተግበሪያውን ነገ ለአርባው ጤና ኬላ እንልካለን አይደል?»

ቀነኒ ተነሣች። «አይላክም፣ አቶ ሙርሳል። ምርጫዬ ስሕተት ነበር። ሁለት ወር ስጡኝ፤ እስከዚያ በደብተር ይመዝግቡ።»

«ለበላዮቼ ምን ልበል?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት በሏቸው። አሁን ሴትዮዋን ልፈልግ።»

ወደ ሸርቆሌ በሚመለሰው ሚኒባስ፣ በመስኮቱ ሴት ባለፈች ቁጥር ቀነኒ ወደ ዓኢሻ ትዞራለች። ዓኢሻ «አይደለም» ትላለች። ደግሞ «አይደለም»።

ከአንድ ቁልቁለት በታች አራት ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ መጡ።

«አቁም!» ዓኢሻ ጮኸች። ወርዳ ጨርቁን ገለጠች። «እሷ ናት።»

ተሳፋሪዎቹ ሳይጠየቁ ወረዱ፤ ቃሬዛው ገባ። ሚኒባሱ ወደ አሶሳ ዞረ። ቀነኒ የሴትዮዋን እጅ ይዛ የደም ሥሯን ትፈልጋለች፤ ከጣቷ በታች የሚመታው የሴትዮዋ ይሁን የራሷ መለየት አልቻለችም።